አጎቴና የጭራቅ ፊልሞቻቸው

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ የጭራቅና የመናፍስት ፊልም ይወዱ ነበር። ዴንሃግ ከተማ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ከልጄ ጋር ይቀመጡና ካሴቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቴሌቪዥኑ ያማትባሉ። ልጄ «ዝም በሉ፣ ጀመረ» ስትላቸው ይስቃሉ። እኔ ልጅቷ በእንቅልፏ ትባንናለች ብዬ ስጨነቅ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ጭራቅ እንደሚሸነፍ አይታ ብትተኛ አይሻልም?» ይሉኛል።

በአርባቸው ዕለት የማኅበራችን ሴቶች ካሴቶቹን አይተው፣ «ጣያቸው እቴ፣ አጋንንት ይስባሉ» አሉኝ። ልጄ የአጎቴን ባዶ ወንበር ይዛ ቆማ ታየኛለች።

«አልጥልም» አልኳቸው። «አጎቴ ጾም ያልገደፉ፣ ቅዳሴ ያላስታጎሉ ሰው ነበሩ። ከልጄ ጋር የሳቁበትን ነገር ማንም ከቤቴ አያወጣም።»

ፈሪ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ቅዳሜ ግን ከልጄ ጋር አንዱን እናያለን፤ ጭራቁ ሲመጣም ዓይኔን አልጨፍንም።