እሳት የነሳችኝ ሞተር

ቤታችን በቡራዩና በመናገሻ መካከል፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን አስፋልቱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። ሚኒባስ የለም፣ አምቡላንስ የለም። በባሕር ዛፉ መሀል ሹልክ ብላ የምታልፍ የእኔ አሮጌ የገጠር ሞተር ብቻ ነበረች።

ታላቅ ወንድሜ በመጀመሪያው ግርግር በጥይት ሞቷል። ማን እንደተኮሰበት እስከ ዛሬ አናውቅም። ሬሳውን ከመንገድ ያነሱልን ጎረቤታችን ናቸው፤ «ኦቦ» ብለን የምንጠራቸው ገበሬ።

ከዚያ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ እኚሁ ኦቦ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያደርጉ እየሮጡ መጡ። ልጃቸው ቤት ውስጥ ወልዳለች። ሕፃኑ ደህና ነው፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙ አልቆም ብሏል። ቡራዩ ያለችው አዋላጅ ነርስ በስልክ «መጥቶ የሚወስደኝ ካለ እመጣለሁ» ብላቸዋለች።

«ማሎ ልጄ፣ ማሎ! በሞቴ ሂድና አምጣልኝ» አሉኝና ወደ ልጃቸው ተመልሰው ሮጡ።

ሞተሯን ረገጥኳት። ወይ ፍንክች! ትናንት በአንድ ርግጫ የተነሳች ሞተር እኮ ናት። ቤንዚን አላት። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ረገጥኩ፤ ብልጭ የሚል ነገር የለም። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ በሌላ ቀየርኩት፤ ያው ነው። የማጥፊያዋን ሽቦ ነቀልኩ። የካንዴላውን ገመድ ጫፍ ቆርጬ ንጹህ መዳብ አወጣሁለት። ምንም! ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ እንደ ሰው ሰደብኳት። «አንቺ ከይሲ፣ መለገሚያ ቀን አጥተሽ ነው?» አልኳት።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሞተር መፍታት ያስተማሩኝም እሳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አይ አንተ፣ ደግሞ ለዚህ! ወዲህ በል» ብለው ካቻቢቴውን ይነጥቁኝ ነበር። ያን ቀን ግን ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

የቀረኝ የማግኔቱ ክዳን ነበር። እዚያ ውስጥ ሲነካኩና ሲለያዩ እሳት የሚያስነሱ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ። በቅርቡ ስላጸዳኋቸው አልጠረጠርኳቸውም። ክዳኑን ከፍቼ ጎንበስ ስል በብረቶቹ መሀል በጥንቃቄ የታጠፈ የሻይ ቅጠል ወረቀት ተሸጉጧል። በዚያ ሰሞን ሞተሩ እንዳይወሰድበት አንድ ነገር ነቅሎ የማይደብቅ ሰው አልነበረም። ለሌባ ቢሆን ኖሮ ግን ይነገረኝ ነበር፤ ይሄኛው የተደረገው ለእኔ ነው።

«አባዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከቤት እንዳትወጣ ብዬ ነው። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ አንተንም ልቅበር?»

«ልጅቷ ደሟ እየፈሰሰ ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ሰምቻለሁ! ይህን ሁሉ ጊዜ ስባክን ቁጭ ብለው አይተውኛል። አባቴን እንደዚያች ሰዓት ጠልቻቸው አላውቅም። ወረቀቱን መንጭቄ አውጥቼ ረገጥኩ፤ በአንዴ ተነሳች። አባቴ ወርደው እጅጌዬን ያዙኝ። «ልጄ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ» አሉኝ። አስለቅቄ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ማንም አልነካኝም። ነርሷን ከኋላዬ አፈናጥጬ በባሕር ዛፉ መሀል በጭቃው እየተንሸራተትን ተመለስን። ገና ከአጥሩ ሳንደርስ የሴቶቹ ጩኸት ተቀበለን። ነርሷ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። «ትንሽ ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ኦቦ ወደ እሷ ሲመጡ ስታይ ዝም አለች። ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ኦቦ ከተቀመጡበት ተነስተው መጡና ጎንበስ ብለው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ገለቶሚ ወንድሜ፣ ተባረክ» አሏቸው። «የራስህ ሐዘን ሳይወጣልህ፣ የቀረህን አንድ ልጅ ለእኔ ልጅ ብለህ በዚያ መንገድ ላክህልኝ። እግዜር እሱን ያቆይልህ።»

አባቴ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ «አሜን» አሉ።