የእማማ አስካለ ገብስማ ዶሮ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከደከመ ሰው አፍ ነበር። አባባ ጥላሁን አንኮበር ላይ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ዘበኝነት ኖረው፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ሥራቸው ሁሉ ከቤታቸው አይወጣም ነበር። ባለቤታቸው እማማ አስካለ አንድ ማለዳ ከመኝታቸው ሲነሱ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ከምድጃው አጠገብ ካለው መደብ በራሳቸው ወርደው አያውቁም። አንደበታቸውም አብሮ ተያዘ። «ውሃ»፣ «በቃኝ»፣ «ብርድ» ከማለት አያልፉም ነበር። ልጅ አልወለዱም።

እናቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሃ ቀድቼላቸው እዚያው እንዳመሽ ትልከኝ ነበር። አባባ ሚስታቸውን አጥበው፣ አጥሚቱን በማንኪያ አጉርሰው፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ገልበጥ አድርገው ሲጨርሱ ኩራዙን ያበሩና ፍሙ ዳር ቁጭ ይላሉ። ከአሊዩ አምባ በኩል ሽቅብ የሚወጣው ጉም በበሩ ስንጥቅ እየገባ ከኩበቱ ጭስ ጋር ይደባለቃል፣ የእማማ ፊት ከጭሱ ኋላ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ያኔ ተረቱን የሚነግሩኝ ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ዓይናቸው ግን መደቡን እንጂ እኔን አያይም ነበር።

ደጋግመው የሚያወሩት የሽኮኮና የነብር ተረት ነው። ነብሩ ሽኮኮዋን ገደል አፋፍ ላይ ይይዛታል። ሊበላት ሲል፣ «ጌታዬ፣ ዓይንዎ ውስጥ እሾህ አለ፤ እሱን ላውጣልዎና ከዚያ ይበሉኛል» ትለዋለች። እሱም እሺ ብሎ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ያስደግፋል። ሽኮኮዋ በትንንሽ ጣቶቿ ዓይኑን ስትዳብስ፣ ስትዳብስ... እዚህ ላይ የአባባ ድምፅ እየሳሳ ይሄድና አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይወድቃል። መጨረሻውን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እማማ ጤነኛ ሳሉ ብዙ ዶሮ ያረቡ ነበር አሉ። ከወደቁ በኋላ ሸለምጥማጥ ጨርሷቸው የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ፣ ገብስማዋ፣ ማታ ማታ መደቡ ላይ ዘላ ትወጣና እማማ እግር ሥር ኩርምት ትላለች። እማማ በደህናው እጃቸው ጀርባዋን ይዳብሷታል። በዚያ ቤት ውስጥ እማማ ራሳቸው የሚሠሩት ሥራ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ገብስማዋ ታመመች። መጀመሪያ ጉትዬዋ ላይ እንደ ምስር ያለ ቅርፊት አወጣ፣ ከዚያ የቀኝ ዓይኗ ቆብ አበጠና በመግል ተጣበቀ። ጓደኞቿ ያበጠውን እየጠቀጠቁ አደሟት። አባባ እንቅብ ደፍተውባት ለይተው አሳደሯትና ሲነጋ በጋቢያቸው አቅፈው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ፈንጣጣ ነው አባባ» አለቻቸው ሐኪሟ የዶሮዋን ዓይን ገለጥ አድርጋ አይታ። «በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ራሱ ነው የሚለቃት። እርስዎ ዓይኗን ለብ ባለ የጨው ውሃ እያጠቡ ይህን ቅባት ይቀቧት። ምግብ ከበላች ትተርፋለች።»

አባባ «ከበላች» የሚለውን ቃል መንገዱን ሁሉ ለራሳቸው ይደጋግሙት ነበር። ዶሮዋ እህሉ አይታያትም፤ እንድትበላ የሚያጎርሳት ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማን አጉርሰው ሲያበቁ በሶ በውሃ ለውሰው፣ በጣታቸው አድቦልቡለው የዶሮዋን አፍ ከፍተው ያጎርሷታል። ቀጥለው ዓይኗን በጥጥ ያጥባሉ። ዶሮዋ ትፈራገጣለች፣ ውሃው ይደፋል። ተረቱም እያጠረ መጣ፤ አንዳንድ ማታ ነብሩ ሽኮኮዋን ሳይዛት ያንቀላፋሉ። ይባስ ብሎ የግራ ዓይኗም መጨፈን ጀመረ።

አባቴ አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆሞ፣ «አባባ፣ ይቺን ዶሮ ቢተዉአት ምናለ? እርስዎ ራስዎ እኮ አለቁ» አላቸው።

«ተውኳት እንበል» አሉት፤ «አስካለ ስትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

«እማማ የት ይጠይቃሉ?»

«በዓይኗ ትጠይቀኛለች።»

ጥቂት ቀን ቆይተው ግን ራሳቸው አባቴን ጠሩት። ውሃ ይዤ ስገባ በሩ ላይ ቆመው ሲያነጋግሩት ደረስኩ። «ነገ ጠዋት ቢላ ይዘህ ና። ሁለቱም ዓይኗ ጠፋ፤ በረሃብ ከምትሞት ይሻላል። እኔ እጄ አይጨክንም» ይሉታል። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው።

የዚያን ዕለት ምሽት ጨው አልቀረበም፣ ጥጥም አልቀረበም። አባባ ምሰሶውን ተደግፈው ፍሙን ብቻ ያያሉ።

«አባባ፣ ተረቱስ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ተረት የለም ልጄ። ደክሞኛል።»

ቆይቶ ከመደቡ በኩል፣ «ሽኮ... ሽኮኮዋ» የሚል ድምፅ መጣ። ሁለታችንም ዞርን። እማማ ጣራ ጣራውን እያዩ ነበር። «ነብሩ... ያዛት» አሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ፍለጋ ከንፈራቸው ብዙ ተንቀሳቀሰ፣ አልመጣላቸውም። «ገደል አፋፍ ላይ» አልኩ እኔ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እንዲህ እያልን፣ እሳቸው አንድ ቃል ሲጥሉ እኔ ሁለት ሦስት እየጨመርኩበት፣ ተረቱ እየተጎተተ ሄደ። አባባ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ያዳምጣሉ። ነብሩ ጭንቅላቱን ሲያስደግፍ ግን እንደ ልማዳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ልቀሰቅሳቸው ስነሳ እማማ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተዪው» አሉ። ከዚያ እንቅቡን እያሳዩ፣ «አምጫት።»

ዶሮዋን አምጥቼ ደረታቸው ላይ አኖርኩላቸው። በደህናው ክንዳቸው ክንፎቿን ሰብስበው ወደ ጎናቸው ሲያስጠጓት፣ ያቺ በአባባ እጅ ስትፈራገጥ የምታመሽ ዶሮ ፀጥ አለች። ውሃ ለብ አድርጌ ጨው በጠበጥኩ። ጥጡን ዓይኗ ላይ ሳደርግ «ቆዪ» ይሉኛል፤ ቅርፊቱን ልስበው ስል «አይሆንም፣ ይራስ» ይሉኛል። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ያዝኩት። ቅርፊቱ ርሶ በራሱ ጊዜ ለቀቀና ቢጫ መግል ከጥጡ ጋር ወጣ። ከሥሩ ዙሪያዋ የቀላ ትንሽ ዓይን ኩራዙን አየችና ብልጭ አለች። ግራው ነበር። ቀኙ ሲገለጥ ነጭ ሆኗል።

«ታያለች እማማ» አልኳቸው።

እማማ በአውራ ጣታቸው አንገቷን ብዙ ጊዜ ዳበሱ።

«ሽኮኮዋስ? ሸሸች?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አልሸሸችም» አሉ። «ደከማት። እሷም... ተኛች።»

«ነብሩስ?»

እንቅልፋቸውን የሚተኙትን ባላቸውን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። «አልበላትም» አሉ።

በማግስቱ አባቴ ቢላውን ይዞ ሲመጣ ተከትዬው ሄድኩ። ፀሐይ ወጥታለች፤ አባባ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ በሩን ከፈቱ። ያን ያህል ከተኙ ዘመን ሳይሆናቸው አልቀረም።

«ተመለስ ልጄ» አሉት፣ እማማ ጎን በአንድ ዓይኗ የምታየውን ዶሮ እያሳዩት። «ሥራው ባለቤቱን አግኝቷል።»

ከዚያ ወዲያ ዶሮዋን የሚይዙት እማማ፣ የማጥባት እኔ ሆንን፤ አባባ ያወራሉ፣ ወይም ይተኛሉ። ገብስማዋ ዳነች። በአንድ ዓይኗ ቀረችና አንገቷን አጣማ እህሏን እየፈለገች ብዙ ኖረች። እማማ በዓመቱ ሁዳዴ ውስጥ አረፉ። አባባ ለቅሶ ለሚደርሰው ሰው ሁሉ፣ «በመጨረሻ እንኳ ተጫውተን ነው የተለያየነው» ይሉ ነበር። ያኔ ሰዎቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ አልጋ ከያዘች ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። ከሥራ በባጃጅ ከንፌ እገባና አነሳታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ከዚያ ራቴን ቆሜ እበላለሁ። ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ በርቺ» ይለኛል፤ ለደግ እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ግን መበርታት ራሱ ያደክማል። አባባ ጥላሁንን ያን ምሽት የበርታ ቃል የነገራቸው አልነበረም። መናገር ያቃታት ሴት ተረቱን ከአፋቸው፣ ሥራውን ከእጃቸው ተቀበለቻቸውና ተኙ። በልጅነቴ ከሰማሁት ተረት ሁሉ እኔ ዘንድ የቀረው ይኸው ነው።

ባለፈው ሰሞን ታናሽ እህቴ ከጣርማ በር መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቴን አየችና ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። «አንቺ ሂጂ ተኚ» አለችኝ። እናታችን የትኛውን ምግብ እንደምትወድ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።