የማኑሄ ውሃና የዘገየው መርዶ

እኔ አክበረት ምላሴ እሾህ ነው፤ በዚህ ሰው አገር፣ በሰፈራችን ሮግስቬድ፣ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ግን ሦስት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ምነው ያኔ በተናገርኩ!

ማኑሄ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ታይፒስት የነበሩት እናቱ እትዬ ባዩሽ ብቻቸውን አሳድገው ነው ለዚህ ያበቁት። ሥራውን ስጠይቀው፣ ድሮ ከተዘጉ የመዳብ ጉድጓዶች የሚፈሰውን ውሃ አጠናለሁ አለኝ።

"ጉድ በል ጎንደር! ሰው አገሩን ጥሎ የፈረንጅ ጉድጓድ ውሃ ሊያጠና ይመጣል?" ብዬ ሳቅኩበት።

አልተቀየመኝም። አንድ ጠርሙስ አሳየኝ፤ ለዓይን የሚጠጣ ነው የሚመስለው። "ይሄ የተጣራ ነው፣ እትዬ። ግን ማጣሪያው የማይዛቸው፣ በዓይን የማይታዩ የብረት ደቃቆች አሉበት። መርዙን ተሸክመው ወንዝ ድረስ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው" አለኝ።

ውሃው ደግሞ ሰው አይጠብቅም። አየር ሲያገኘው ስለሚለወጥ፣ ማኑሄ እዚያው ጉድጓዱ ዳር በረዶ ላይ ተንበርክኮ ያጣራና በባቡር ይዞት ይመለሳል። በጸደይ የእናቱ ኩላሊት መድከሙን ሲነግረኝ "ሂድና እያቸው እንጂ!" አልኩት። "በረዶው ሲቀልጥ የሚወርደው ውሃ ካመለጠኝ ዓመት ይበላብኛል። ዲሴምበር ላይ ስጨርስ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ ብያታለሁ። እሺ ብላኛለች" አለኝ።

ሴፕቴምበር ላይ እህቱ ናዝሬት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። እትዬ ባዩሽ ዐረፉ።

"በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይሰማ። ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል" አለችኝ። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ ጊዜ ተመርጦለት ነው የሚነገረው፤ ወጋችን ነው። እሺ አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ውሸት ሥራዬ ሆነ። እሱ በየእሁዱ ይደውላል፤ ናዝሬት "ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አትሰማም" ትለዋለች። አንድ ቀን ትቬትስቱጋ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አገኘኝና "እማዬ ያኮረፈችኝ ይመስለኛል" አለኝ። "የእናት ኩርፊያ ምን አላት፤ ዓይንህን ስታይ ይለቃታል" አልኩት። አፈር ይብላኝ!

ዲሴምበር ላይ ጥናቱን በመምህራኑ ፊት ተከራክሮ ዶክተር ተባለ። በማግስቱ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ ይዘን አምስት ሆነን በሩን አንኳኳን። እንኳን ደስ ያለህ ልንለው የመጣን መስሎት እየሳቀ ከፈተልን። ሻንጣው መሃል ቤት ተከፍቶ፣ ለእናቱ የገዛው ሹራብ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

ቄሱ ነገሩት። አልጮኸም። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የምናለቅሰው እኛ ነበርን።

"መቼ?" አለ።

"ሴፕቴምበር አሥራ ዘጠኝ" አልኩት።

የሥራውን ውሎ በየቀኑ የሚጽፍበትን ደብተር ከጠረጴዛው ሳበና ገለጠ። ጣቱ አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

"ውሃውን የምመረምርበት ማሽን ተበላሽቶ ነበር" አለ። "ዐሥር ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቼ እዚሁ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቀብሯን እንኳ ባልደርስ ሠልስቷን እደርስ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ያን ሰሞን እኮ፣ እትዬ፣ ምሳ ይዘውልኝ መጥተው አብረን በላን።"