እሑድ አልገባም

የሥራ ባልደረቦቿ «ካውያ» ይሏታል። ስሙ አንድም ከሥራዋ የመጣ ነው፤ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። አንድም ከጠባይዋ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘች ሳታቃና አትለቅም። የቧንቧ ሠራተኛው ባሏ «እኔ ቤት ውስጥ ሁለት ግፊት አለ፤ የውኃውን በመፍቻ አበርደዋለሁ፣ የሷን ግን ፈጣሪ ይያዘው» እያለ ይቀልድባታል።

ካቶሊክ ናት። እናቷም አያቷም ካቶሊክ ነበሩ፤ ግን «እምነትሽን ወረስሽ» ሲሏት ደስ አይላትም። «የሚወረስ ቤት ነው፤ እምነት በየቀኑ ካልያዙት ያመልጣል» ትላለች። ከልደት በፊት ያሉት አራቱ የምጽአት ሳምንታት ደግሞ ለሷ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣሉ። ችግሩ፣ ሆቴሉም ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃቸው እነዚያኑ ሳምንታት መሆኑ ነው። አንዱ ግብዣ ሳያልቅ ሌላው ሠርግ ይገባል፤ የጠረጴዛ ልብስ እንደ ተራራ ይከመራል።

በዚያ ዓመት ቤቷም ከሆቴሉ አልተሻለም። ባሏ የፈነዳ ቧንቧ ሲያሳድድ ይውላል። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጇ ፈተና ደርሶባታል፤ ከፈተናው የተረፈውን ጊዜ ስልኳ ይወስደዋል። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ የትምህርት ቤት ቴአትር ይለማመዳል። እራት የሚባለው አንዱ ቆሞ፣ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ ጫማውን እያሰረ የሚጎርሰው ነገር ሆኖ ነበር።

በምጽአት መግቢያ ዋዜማ፣ አረንጓዴ ቅርንጫፍ በሽቦ ጠምዝዛ አራት ሻማ ተከለችበትና ገበታው መሀል አኖረችው።

«ከነገ ጀምሮ ማታ በአንድ ሰዓት ሁላችንም እዚህ ነን» አለች። «ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አሥር ደቂቃ እናነባለን፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ እንበላለን።»

«ደንበኛ ቢጠራኝስ?» አለ ባሏ።

«አሥር ደቂቃ ይዋኝ።»

እሱ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም።

የሆቴሉ የሥራ ሰሌዳ የተለጠፈው ሰኞ ነው። እስከ ልደት ድረስ እሑድ ሁሉም ሰው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ይሆናል፤ ቅያሪ የለም፤ የምሳ ሰዓትም በሁሉም ቀን ወደ ዘጠኝ ተገፍቷል። ሠራተኛው ሰሌዳውን አንብቦ በሆዱ እያጉረመረመ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ካውያ ግን ሽርጧን ፈትታ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባች።

«እሑድ ጧት ቅዳሴ አለብኝ። ቅዳሜ እስከ ማታ ልሥራ፤ የእሑዱን አስቀድሜ ልጨርስልዎት። እሑድም ከሰዓት በኋላ እገባለሁ።»

ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና አላለም። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው። ሰኞ ብትጸልዪ አይቀየምሽም።»

«ልቤ ብቻውን አይሄድም ጌታዬ፤ እግሬም አብሮ ነው የሚሄደው።»

«ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው። ላንቺ ብዬ ሌላ ሰሌዳ አላወጣም።»

«እንግዲያው ሳልዋሽ ልንገርዎት። አሞኝ አይደለም፣ ለቅሶም የለብኝም። እሑድ ጧት አልገባም።»

ወሬው ቤት ሲደርስ ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን ቆርጦሽ ነው እንዲህ ያልሽው? ቢያባርሩሽስ?»

«ቢያባርሩኝ ያጣሁት ሥራ ነው፤ ሌላ እፈልጋለሁ። እነዚህን ልጆች ግን በየትኛው አፌ ነው እግዚአብሔር ይቀድማል የምላቸው?»

እሑድ ጧት አራቱም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴው ሳይጋመስ የባሏ ስልክ ተንቀጠቀጠና እሱ መፍቻውን ፍለጋ ወጣ፤ እሷ ቦታዋን አልለቀቀችም። ከሰዓት በኋላ እንዳለችው ሥራ ገባች።

ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃት። ከሥሩ «ደርሶኛል፤ ጥፋት ነው ብዬ ግን አላምንም» ብላ ፈረመች። ኃላፊው ይህን ሲያይ ከመተኮሻ ማሽኗ አንሥቶ ምድር ቤት ወዳለው የቆሻሻ ልብስ መለያ ክፍል አወረዳት። እዚያ መስኮት የለም። ወይን የፈሰሰበት፣ ትውከት የነካው፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ጨርቅ በጆንያ ይመጣል፤ በጓንት እያነሡ መለየት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ለኖረች ሴት ስድብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋን በሻሿ ሸፈነች። በሁለተኛው ቀን በአፏ መተንፈስ ለመደች፤ በልቧ መቁጠሪያዋን እየደገመች ጆንያውን አራገፈች።

አንሶላ በማጠፍ የምትታወቀውና ጠርዝ ከጠርዝ ሳይገጥም ስለማይሆንላት «ሚዛን» የሚሏት ባልደረባዋ ውኃ ይዛላት ወረደች። ሚዛን ሙስሊም ናት፤ የምሳ ሰዓቱ ከተገፋ ወዲህ የዓርብ ስግደቷ ቀርቶባታል።

«አንቺ እዚህ የወረድሽው ስለተናገርሽ ነው» አለቻት ሚዛን። «እኔ ፎቅ ላይ ያለሁት ዝም ስላልኩ ነው። እንቅልፍ የሚያጣው ግን የቱ ይመስልሻል?»

«እንቅልፍስ እኔም የለኝ፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ አድሯል» አለች ካውያ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሁለተኛው እሑድም እንደ መጀመሪያው አለፈ፤ አልገባችም። ያልጠበቀችው ጦር የተነሣባት ከገበታዋ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻማው በርቶ፣ ንባቡ የልጅቷ ተራ ሲሆን፣ ልጅቷ መጽሐፉን ገፋችው።

«አላነብም።»

«ለምን?»

«አንቺ ለአለቃሽ እምቢ ብለሽ የለ? ሁሉም ጀግና ብሎሻል። እኔስ ላንቺ እምቢ ብል?»

ትንሹ ልጅ መጉረስ ያለበት ይመስል አፉን ከፈተ። ባሏ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ካውያ ደሟ ፈላ። «ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከማን አፍ እንደሰማችው ትዝ ሲላት ዋጠችው። ልጅቷ የገፋችውን መጽሐፍ አቃናችው።

«እምቢ ማለት ትችያለሽ» አለች በመጨረሻ። «በግድ አስጸልይሻለሁ አልልም፤ አፍሽን እንጂ ልብሽን መክፈት አልችልም። ግን እምቢ የምትዪው እዚሁ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ነው። እኔም አለቃዬን ፊት ለፊት ነው እምቢ ያልኩት፤ ተደብቄ አይደለም።»

ልጅቷ ይህን አልጠበቀችም። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ እጇን አጣጥፋ፣ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። አባትየው «ይቺ ሁለተኛዋ ካውያ ናት» ብሎ አንሾካሾከ። ካውያም በልጇ ዝምታ አንጀቷ እያረረ፣ ጸሎቷን ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ ጸለየች።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ሦስት መቶ ሰው የተጠራበት ሠርግ ዋዜማ፣ በካውያ ማሽን ላይ የተመደበው ሰው ሙቀቱን አላወቀበትም። ሃያ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ቡናማ ሰንበር አወጣ። ኃላፊው ላብ እያጠመቀው ምድር ቤት ወረደ።

«ነይ ውጪ፤ ማሽንሽ ላይ ትፈለጊያለሽ።»

ካውያ ጓንቷን አወለቀች። «እሺ።»

ክርክር ጠብቆ ነበርና ግራ ገባው። «ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ምንም። መተኮስ ሥራዬ ነው፤ እተኩሳለሁ። እሑድ ጧት ግን አልገባም። ማሽኑን ቢሰጡኝም አልገባም፣ እዚህ ቢተዉኝም አልገባም። በሙሽራ የጠረጴዛ ልብስ አልደራደርም።»

ኃላፊውን አስከትላ ፎቅ ወጥታ ማሽኑን አበረደችው፣ ሙቀቱን አስተካከለች፣ አንዱን ልብስ ዘርግታ አሳለፈች፤ እንደ ወረቀት ወጣ። ያን ጊዜ ሚዛን የያዘችውን አንሶላ አስቀምጣ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«እኔ ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ያስፈልገኛል። እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው፤ አሁን ሰልችቶኛል።»

«እኔም እሑድ ጧት» አለ ከማድረቂያው በኩል አንድ ድምፅ። ቀጥሎ ሌላ። ኃላፊው ያንዱን ፊት አይቶ ወደ ሌላው ዞረ። ማንም ሥራ አላቆመም፤ ማንም ግን ዓይኑን አልሰበረም። «ቆይ፣ ቆይ» እያለ ወጣ። ቅዳሜ ሰሌዳው ተቀየረ፤ የሚያመልክ ሰው ሰዓቱን ከባልደረባው ጋር ይለዋወጣል ተብሎ ተጻፈ።

ካውያ ግን ከነገሩ በነፃ አልወጣችም። ደብዳቤው ከማኅደሯ አልተነሣም። ልደት አምስት ቀን ሲቀረው የፈረቃ መሪነት ቦታ ክፍት ሆነ፤ ሁሉም ለሷ ነው ሲል፣ «ማስጠንቀቂያ ያለበት አይታይም» ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ሚዛን «ይቆጭሻል?» አለቻት።

«ቦታው ይቆጨኛል፤ በጣም ይቆጨኛል። እሑዱ ግን አይቆጨኝም።»

በዚያ ሳምንት ንባቡ ማርያም ዘመዷን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ሄዳ የዘመረችው ነበር። አባትየው እየተንተባተበ ሲያነብ፣ ስለሚዋረዱ ኃያላንና ስለሚጠግቡ ረሃብተኞች የሚናገረው ጋ ሲደርስ ልጅቷ ክንዷን ፈታች።

«ቆይ አባዬ፤ ይህን ያለችው ማርያም ናት? ያቺ ሥዕሉ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትታየዋ?»

«ራሷ ናት» አለች ካውያ።

«በኔ ዕድሜ እያለች?»

«ከብዙም አትበልጥሽም።»

ልጅቷ መጽሐፉን ከአባቷ ተቀበለችና ከመጀመሪያው ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችው። ጸሎቱን አብራ አልጸለየችም፤ «እሱን ገና እያሰብኩበት ነው» አለች። ካውያ አልገፋቻትም።

የልደት ዕለት ጧት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ስለነበር አራቱ በአንድ አጭር ወንበር ተጠባብቀው ተቀመጡ። ባሏ ስልኩን ከነጭራሹ እቤት ትቶት መጥቷል። ትንሹ ልጅ የሕፃኑን ኢየሱስ ግርግም ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። መዝሙሩ ሲጀመር ልጅቷ ዜማው ጠፍቷት ወደ እናቷ ጠጋ አለች፤ ካውያም ድምፅዋ እንደ ማሽኗ ሻካራ መሆኑን እያወቀች፣ ፊት ያሉት ሁለት ሴቶች ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ፣ ከአንጀቷ ዘመረች።