መጋዘኑ በር ላይ በላዬ የተኛው ሰው

በዚያ ማለዳ ውጫሌ ባለው የምርጥ ዘር መጋዘን በር ላይ ከነበሩት የማውቃቸውን ልጥቀስ። የእናቴ ወንድም አያ ይመር። ስም መዝጋቢዋ ዘሃራ። የዘር አከፋፋዩ ድርጅት ኃላፊ አቶ ዳዊት። ጠመንጃ የያዘው ዘበኛ ጋሽ ካሳ። አገሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ሼህ ሰይድ። እኔ። ሌላው ስሙን የማላውቀው ሕዝብ ነው። ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ሲሆን፣ ግራ እጄን ለመጨበጥ በሞከርሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሐይቅ ከተማ ስልክ እጠግናለሁ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርሁት በራሴ ነው። ሥራ ስፈታ፣ በአካል ከማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር ለብዙ ሰው አጭር መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር እንሠራለን። ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። ዘር አከፋፋዩ ድርጅትም ወስዶታል። ገበሬው ተራው ሲደርስ በስልኩ የሚጠራው በእኛ ሥራ ነው። አንዱን ቀበሌ ጠርቶ፣ ያ እስኪጨርስ ሌላውን የሚያቆየውን ክፍል የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ያን ክፍል እያሻሻልነው ነበር። አዲሱ ለሙከራ እንጂ ለሥራ እንዳልሆነ ኢንተርኔት ላይ ባለው ገጻችን ጽፌያለሁ። ብዙ ስልክ ቁጥር ያለው ድርጅት ቢሞክርልን ብዬም ለምኛለሁ፤ እኛ የምንሞክረው በራሳችን ስልኮች ብቻ ነበርና። መልስ የሰጠ የለም። ድርጅቱ ከዚያ በፊት የጻፈልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «በአስቸኳይ አስተካክሉ» የሚል ነበር።

ያን ቀን አያ ይመር ተራው ደርሶ፣ ጆንያ እንድሸከምለት ይዞኝ ሄደ። ስንደርስ የአምባሰል ገበሬ በሙሉ የመጣ ይመስል ነበር። ቀበሌዎቹ ሁሉ በአንድ ማለዳ ተጠርተዋል። ድርጅቱ አዲሱን ሳይሞክር እንደጫነው ወዲያው ገባኝ። መጋዘን ውስጥ ያለው ዘር የሚበቃው ለአንድ ቀበሌ ነው። ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል። ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የሚያጣው የልጆቹን የዓመት ቀለብ ነው።

አያ ይመር ይህን አልጠረጠረም። ዘሃራ ፊት ስንደርስ፣ «ይቺ መልእክት እኮ የእህቴ ልጅ ሥራ ናት፣ ቀደም አርጊን እንጂ» ብሎ ቀለደ። አቶ ዳዊት ከኋላዋ ቆሞ ሰማ።

ግፊያው በረታ። የመጀመሪያው ድንጋይ የዘሃራን ግንባር ፈነከተው፤ ደሙ ዓይኗን ሸፈነው። ጋሽ ካሳ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የሚሸሸውና የሚገፋው ተደባለቀ፤ አንድ አዛውንት ብረት በሩ ሥር ተረገጡ። አቶ ዳዊት ደረጃው ላይ ወጥቶ ወደ እኔ ጠቆመ።

«የጠራናችሁ እኛ አይደለንም። ሶፍትዌሩን የሠራው ያ ልጅ ነው፤ እሱን ጠይቁት።»

ዱላው መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ፣ ቀጥሎ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ወደቅሁ። አፌን በእርግጫ መቱኝ፤ ጥርሴን ከጭቃ ጋር ተፋሁት። አንዱ ግራ እጄን ረግጦ ዞረበት፤ ጣቶቼ ሲሰበሩ ሰማኋቸው። አያ ይመር የእኔ ልጅ ነው፣ እኔን ግደሉኝ እያለ ይጮኻል፤ ሊደርስልኝ ግን አልቻለም። ያኔ አንድ ሰው በላዬ ተኛ። እርጥብ ቡሉኮ ለብሷል። ለእኔ የተሰነዘረው ዱላ እሱ ላይ ሲያርፍ በደረቱ በኩል ይሰማኝ ነበር። ፊቱን ማየት አልቻልሁም።

ሼህ ሰይድ ጋቢያቸውን አውርደው በእኔና በሕዝቡ መሀል ጭቃው ላይ ዘረጉት። የሽማግሌ ጋቢ ረግጦ የሚያልፍ በእኛ ዘንድ የለም። ዱላው ቆመ። ቀና ስል ባለ ቡሉኮው ሄዷል።

ሼሁ አቶ ዳዊትን ልጁን ቀጥረኸዋል ወይ አሉት። አልቀጠርነውም፣ ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ሁሉም ይጠቀምበታል አለ።

«ደቦ ነው በለኛ። ደቦ የወጣልህን ሰው አብልተሃል?»

አቶ ዳዊት ከደረጃው ወረደ።

«እሱስ ማሳ ላይ ወጥተህለታል?»

«ኧረ ቆሎም አላቀመሰው» አለ ከሕዝቡ አንዱ። ቅድም ከመቱኝ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ እርሻው ሲበላሽ በምን አፍህ ነው የደቦውን ልጅ የምታስደበድብ?»

ዘሩ ከሩቅ ለመጣው ቀበሌ ተሰጠ፤ ሌላው ቀጣዩ ዘር እስኪመጣ ተራውን ሊጠብቅ ተስማማ። እኔን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ከዚያ በኋላ ከድርጅቱ ገጻችን ላይ የመጣው መልእክት መቼ ነው የሚስተካከለው የሚል ነበር። የጻፈው ሰው መደብደቤን አያውቅም። በአንድ እጄ መለስሁለት። ከባለሙያዎቻችሁ አንዱ በየሳምንቱ ከእኛ ጋር ይሥራ፤ አዲስ ነገር ከመጫናችሁ በፊት አብረን እንሞክር፤ ሲበላሽ ለሕዝብ መልስ የምትሰጡት እናንተ ሁኑ አልሁ። ሼህ ሰይድም አቶ ዳዊት ዘንድ እየተመላለሱ ለመኑልኝ። አሁን አንዲት ባለሙያ ረቡዕ ረቡዕ ከእኛ ጋር ትሠራለች። የእኔን ክፍል ስህተት ያገኘችው እሷ ናት። ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዱ ግን እሷ ሳትመጣ ታክቶት ተወው።

ዛሬም ሁለት ጣቶቼ አይታጠፉም። ገበያ ውስጥ ከኋላዬ ብዙ እግር ስሰማ ግድግዳ እጠጋለሁ። የመቱኝን ግን ልጠላቸው አልቻልሁም።

በቦታው የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ዘሃራ አይታ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ባለ ቡሉኮውን የምታውቁ ንገሩኝ። ቡሉኮው ቀኝ ትከሻው ላይ በጥቁር ክር ተጥፏል። አዝመራው ደርሷል፤ ደቦ ልወጣለት እፈልጋለሁ። ማጭድ ባልይዝለት ነዶ መሸከም አያቅተኝም።