ሀዲስ እና የድብድቡ አልበም

ሀዲስን የማያውቅ የባሕር ዳር ሙሽራ ጥቂት ነው። እኔ ሩሐማ ካሜራ እይዛለሁ፣ እሱ ቪዲዮውን ቆርጦ ያቀናብራል፤ ጣና ዳር ካለችው ጠባብ ስቱዲዮ አብረን መሥራት ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ባልንጀራዬ ነው፤ ጠባዩም ክፉ አይደለም። ሥራው ግን ያቅለሸልሸኛል።

የሀዲስ ጉድ አንድ የሙዚቃ አልበም ነው። ጎረምሳ ሳለ ጌም ቤት እያስዋለ የሚያስመሸው አኒሜ ከሚሉት የጃፓን ካርቱን የተሠራ የድብድብ ጨዋታ ነበር፤ ፀጉራቸው እንደ ጃርት የቆመ ልጆች እርስ በርስ የሚቀጣቀጡበት። ጨዋታውን ከተወው ቆይቷል። ሙዚቃዎቹን ግን ከነአልበማቸው ፈልጎ ኮምፒውተሩ ላይ ጫናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ጆሮው አልገባ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሀዲስ ግን ከሁለቱም ይብሳል።

በአልበሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተደባዳቢ የራሱ ሙዚቃ አለው፤ ሀዲስ ደግሞ እነዚህን ለሰርግ አደላድሏቸዋል። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ፣ ግንባሩ የተተለተለ ወጠምሻ ወደ ሜዳ ሲገባ የሚሰማው ከበሮ ይመታለታል። ኬክ ሲቆረስ ጊታር ይጮኻል። ሙሽራዋ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ ደግሞ ተሸናፊው በጀርባው ሲዘረር የምትመጣዋ ፒያኖ ትገባለች። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "አታፍርም?" አልሁት።

"ምን አጠፋሁ? ኀዘኗ አይሰማሽም?" አለኝ። "የዘፋኝ ዘፈን ባስገባበት ሰው ዘፋኙን ነው የሚያዳምጥ። ይኸ ቃል የለውም፤ ሰው ምስሉን ያያል።"

እሱስ ይሁን። ይበልጥ የሚያንገሸግሸኝ ሙዚቃውን ሲያስገባ የሰዉን ድምፅ ጠራርጎ መጣሉ ነው። እልልታው፣ የካህኑ ቡራኬ፣ የሽማግሌዎች ጨዋታ፣ ሁሉም ለእሱ ጫጫታ ነው። ጠርጎ ሲጨርስ "ንጹሕ ሥራ" ይለዋል። ኮምፒውተሩ ስለሚሞላበትም የተረፈውን ወዲያው ያጠፋል፣ የካሜራውን ካርድም ለሚቀጥለው ሰርግ ባዶ አድርጎ ይመልስልኛል። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ደንበኛው ግን አመስግኖት ይሄዳል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እቀራለሁ።

ባለፈው ጥር አንበሳሜ ወርደን የወለላን ሰርግ ቀረጽን። አባቷ አቶ ቢያዝን እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ ለልጃቸው እንኳ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ወለላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትንበረከክ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉና መረቋት። ዝምተኛው ሰው ያን ቀን ብዙ ተናገሩ። ማይክሮፎኑን ጋቢያቸው ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ካሜራው ራቅ ብሎ ስለቆመ ግን ቃላቸው ወደ ካርዱ እንጂ ወደ እኔ አልደረሰም። ወለላም ብትሆን ከበሮው፣ እልልታውና የራሷ ልቅሶ ጆሮዋን ደፍኖት ነበር። ማታ ምን እንዳሏት ብጠይቃት፣

"እንጃ፣ አልሰማሁም። መልሼ ልጠይቃቸውም አፈርሁ። ከፊልሙ እሰማዋለሁ" አለችኝ።

ፊልሙ ሳይደርስ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ መካከል አቶ ቢያዝን ታመው አረፉ።

ከፋሲካ በኋላ ወለላ ከእናቷ ከእትዬ ሰገነት ጋር ጥቁር ለብሳ ስቱዲዮ መጣች። "ሌላውን አላይም" አለች ገና ሳትቀመጥ። "አባባ ያሉኝን ብቻ አሰማኝ።" የዘመድ ስልክ ሁሉ ተበርብሮ እንደነበር፣ የተገኘውም ጭፈራ ብቻ እንደሆነ ነገረችን። ሀዲስን ዞር ብዬ አየሁት፤ ፊቱ በርቷል።

"ለእሳቸው ምርጡን ነው ያስገባሁ" አለ።

አቶ ቢያዝን ስክሪኑን ሞሉት። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ሲጀምር ከበሮው ወረደ፣ ጊታሩ ተከተለ፣ ከዚያ በማናውቀው ቋንቋ ብዙ ሰዎች በአንድነት ይጮኹ ጀመር። የመጨረሻው ድብድብ ሙዚቃ ነው። ወለላ ጥቂት ታገሠች።

"ሙዚቃውን ቀንሰው" አለች። ቀነሰው።

"አጥፋው።" አጠፋው። አቶ ቢያዝን ያለ ድምፅ መናገራቸውን ቀጠሉ።

"ድምፃቸውስ?"

"ጫጫታ ስለነበረበት አወጣሁት..." አለ ሀዲስ፤ ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ የሠራው ሥራ ገባው። መልሱን እያወቅሁ "ካርዱስ?" አልሁት። "ባዶውን ነው የመለስሁልሽ" አለ።

ተጸየፍሁት። አጠገቡ መቆም ቀፈፈኝ። ጃርት ራሶቹ ሲደበድቡና ሲደበደቡ የሚያጓሩትን ሳይቀር ከነአልበሙ እንደ ታቦት ጠብቆ ያኖራል፤ የአባትን ቃል ግን እንደ ጥራጊ ደፋው። ሙዚቃው ጠፍቶም ጆሮዬ ውስጥ ያጓራል።

እትዬ ሰገነት ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉና "እስቲ ከመነሻው መልሰው፣ ልጄ" አሉት። መለሰላቸው። የባላቸውን ከንፈር ትኩር ብለው ያዩ ጀመር።

"'ልጄ' ነው ያለሽ፤ ይቺን አውቃታለሁ" አሉ። "'ውለጂ፣ ክበጂ' አለሽ። ቀጥሎ 'እንደ እናትሽ'..."

እዚህ ላይ ከንፈሩ ፈጠነባቸው። ሀዲስ ወደ ኋላ እንዲመልሰው አድርገው ደግመው አዩ፤ ያው 'እናትሽ' ላይ ቆሙ። ወለላ እንደ እናቷ ምን እንድትሆን እንደተመረቀች እናቷም ማወቅ ፈልገው ነበር። ቆይተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

"ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀው" አሉ። "ላንቺ ብቻ ያለው ነው።"

ወለላ ከመቀመጫዋ ወርዳ ስክሪኑ ፊት ተንበረከከች። "አንዴ ድገመው" አለች። ሀዲስ ከመነሻው ለቀቀላት። አባቷ ተናግረው ከንፈራቸውን በገጠሙ ቁጥር "አሜን" ትላለች። እንደገና ይናገራሉ፣ እንደገና ያርፋሉ፤ እሷም አሜን ትላለች። ሀዲስ አብሮ አሜን ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኔን ሲያይ ዘጋው። ወለላ በምን እንደተመረቀች ሳታውቅ፣ አባቷ እጃቸውን ከራሷ ላይ እስኪያነሱ ድረስ አሜን አለች።