የምድር ቤቱን በር ማን ይክፈት

ሰውየው በሬዲዮ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ሥራ ድምፅ መፍጠር ነበር። አጥንት ሲሰበር ለማሰማት ማይክሮፎኑ ሥር ካሮት ይሰብራል። ደረቅ ሣር ላይ የሚሄድ እግር ሲያስፈልግ ደግሞ ያረጀ የካሴት ክር ጨምድዶ ይረግጣል። ለሙት መንፈስ ግን ምንም አይሠራለትም። «እሱን ዝም በሉት፤ ሰሚው ራሱ ይሠራዋል» ይላል።

የሚያስፈራ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ሲጀምር ዓይኑ ይበራል። ፊልም ጭራቁን ያሳይሃል፤ አንዴ ካየኸው ደግሞ ትለምደዋለህ። ሬዲዮ አያሳይህም፤ ስለዚህ ከምታውቀው ሁሉ የከፋውን አንተው ትስለዋለህ። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ትረካ ግን ከሁለቱም ይብሳል፤ በሩን በገዛ እጅህ የምትከፍተው አንተ ነህና። ጣቢያው የሬዲዮ ድራማ ማቅረቡን ሲያቆም ያላዘነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «ኮሪደሩ ጨለማ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል ይመልሳሉ። የሚያጠራጥር ነገር ከመጣ ባለነጥቡ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይወስናል። አሸናፊ የለም። የማይሻር ሕግ ግን አለው፤ ተጫዋቾቹ ያልከፈቱትን በር ተራኪው አይከፍትም።

አራት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በልብስ ሰፊዋ እህቱ ቤት፣ መቀሱና መርፌው ገለል በተደረገበት ጠረጴዛ ላይ ስለ አንድ የተተወ ሆስፒታል ተረከላቸው። ተጫዋቾቹ እህቱ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና «ፈሪው» የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሾፌሩ ገደል ለገደል ሲነዳ የማይደነግጥ ሰው ሲሆን በጨዋታው ግን ገና በር ሲጥጥ ሲል እግሬ አውጪኝ ይላል። የቀራቸው የምድር ቤቱ በር ብቻ ነበር።

ከዚያ በር ጀርባ ላለው ነገር ሰውየው በገዛ ጉሮሮው ድምፅ ሠርቶለት ነበር። መንፈስ ድምፅ የለውም ሲል የኖረ ሰው፣ ለዚህ ብቻ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሰው እንዳይሰማው ውሃ እየከፈተ ለብዙ ወራት ተለማመደ። ለማንም አላሰማም።

ከዚያ ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ አገኘ። ማክሰኞ ማንቁርቱ በሙሉ ይወጣል ተባለ። ከዚያ ወዲያ በገዛ ድምፁ መናገር የለም። ለሦስቱም ነገራቸው። የቀረው አንድ እሑድ ነበር።

«ከምድር ቤቱ በር ፊት ቆማችኋል» አለ በሻከረ ድምፅ። «ምን ታደርጋላችሁ?»

«እኔ ወጥ ቤቱን እንደገና ልፈትሽ» አለች እህቱ።

«እቴ፣ አራት ጊዜ ፈትሸሻል። ድስቶቹ እንኳ ታክቷቸዋል።»

«እኔ ደረጃዎቹን ልቁጠር» አሉ መምህሩ።

«እኔማ መኪናው ውስጥ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ሾፌሩ። «ሞተሩን አላጠፋሁም።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ግን ገብቶታል። በሩ ካልተከፈተ ታሪኩ አያልቅም፤ ታሪኩ ካላለቀ እሱም የትም አይሄድም ብለው ነው። ፍቅራቸው አንጀቱን በላው። «ክፈቱት፤ የምትሰሙት ነገር አለኝ» ማለት ይችል ነበር። ሆኖም ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። መስኮት ሲፈትሹ፣ ፋይል ሲያገላብጡ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

«ቀሪውን ስትድን ትነግረናለህ፣ ወንድምዬ» አለችው።

«እሺ» አላት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ አንገቱን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እህቱ ማንንም ሳትጠብቅ «የምድር ቤቱን በር እከፍታለሁ» አለች።

ሰውየው እስክሪብቶውን አነሳ። ጽፎ ደብተሩን ገፋላት። «ድምፅ ነበረው» ይላል።

እህቱ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ የዚያን እሑድ ወጥ ቤት፣ ድስቶቹን፣ ደረጃዎቹን አስታወሰች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ዓይነት ድምፅ?» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

ደብተሩን መልሶ ወሰደ። አንድ ቃል ጽፎ ሰረዘ። ሌላ ጽፎ ሰረዘ። በአንገቱ ጨርቅ ሥር ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

«አይዞህ ጋሼ፣ ዛሬ የትም አልሸሽም» አለ ሾፌሩ ወንበሩን እያስጠጋ። «ቀስ ብለህ ጻፍ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ።